የጅምላ ድረ ገጽ ትርፉ ለማን ነው?

የኦንላይን ገቢ ተስፋ በሚሸጥበት ገበያ ዶሜይን፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ ስም፣ የራሱ መደብ አለው። ወሬው ሲነገር ቀላል ነው፦ ጥሩ ስም ቀድመህ አስመዝግብ፣ ያዘው፣ ስሙን የሚፈልግ ኩባንያ ሲመጣ በብዙ እጥፍ ሽጠው። ማስረጃ ሲጠየቅም አይታጣም። ቢዝነስ ዶት ኮም እ.ኤ.አ. በ1999 በ7.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ቮይስ ዶት ኮም በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሽጠዋል። የማይነገረው፣ አብዛኛው ስም ገዢ ሳይመጣለት ዓመት በመጣ ቁጥር የእድሳት ክፍያ እየበላ መቀመጡ ነው።

ለዚህ ችግር መላ አለን የሚሉ አገልግሎቶች አሉ። የያዝካቸውን ስሞች ዝርዝር ትልካለህ፤ ሃምሳም ይሁኑ አምስት መቶ፣ በሁሉም ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድረ ገጽ ይቆምልሃል። ጽሑፉን ዱሮ በርካሽ የሚቀጠሩ ጸሐፊዎች ይሞሉት ነበር፤ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሞላዋል። ማስታወቂያ ይለጠፍበታል፣ ጎብኚ ይመጣል፣ ስሙ እስኪሸጥ ድረስ ወጪውን ራሱ ይችላል ይባላል።

ገጾቹ በእርግጥ ይሠራሉ፤ ይከፈታሉም። መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ እንደሚገባ ነው። የአገልግሎቱ ሻጭ የሚከፈለው በስሙ ባለቤት እንጂ በአንባቢ አይደለም። ገጾቹ ቢነበቡም ባይነበቡም ሒሳቡን ተቀብሏል። መቶ ድረ ገጽ በእርግጥ ገንዘብ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ለራሱ ሠርቶ ይይዘው ነበር። የሃያ ዓመቱ የዘርፉ ታሪክም ይህንኑ ጥርጣሬ ያጠናክራል። እንደ እኛ ባለ አገር፣ ለትንንሽ ከተሞች ስም ሲሆን ደግሞ ጥርጣሬው ይብሳል።

በይፋግ ስም ብንፈትነው

ይፋግ በደቡብ ጎንደር ዞን በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎንደር ወደ ደቡብ በሚወስደው የንግድ መስመር ላይ ከታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ የሩቅ አገር ነጋዴ የሚገናኝባት፣ በወይኗም ስሟ የሚነሳ። ዛሬ በአካባቢዋ የሚታየው ሩዝ፣ ጤፍና ሽንኩርት ነው።

አንድ ሰው የይፋግንና የጎረቤት ከተሞቿን፣ የወረታን፣ የአዲስ ዘመንን፣ የእብናትን ስም በላቲን ፊደል አስመዝግቦ ለጅምላ አገልግሎት ቢሰጥ ምን ይወጣል? ለመገመት አያስቸግርም፤ ለትንንሽ ከተሞች በጅምላ የሚፈለፈሉ ገጾች የትም አገር ቢሆኑ አንድ መልክ አላቸው። ከላይ ለማንም ከተማ ሊሆን የሚችል ፎቶ ይቀመጣል። ቀጥሎ ከመልክዓ ምድር መረጃ ቋት የተቀዳ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከፍታና የሰዓት ክልል ይመጣል። የአየር ጠባዩ ከዚያው ነጥብ ተሰልቶ ይለጠፋል። «በይፋግ የሚገኙ ምርጥ ሆቴሎች» የሚል ርእስ ይኖራል፤ ሥሩ የተደረደሩት ግን የባሕር ዳርና የጎንደር ሆቴሎች ናቸው። አየር ማረፊያ ለሌላት ከተማ «ርካሽ በረራ ፈልግ» የሚል ሣጥን ይቀመጣል። የከተማዋ ስም በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ ስላለውም ያችው ይፋግ ሁለት ከተማ ሆና ሁለት ገጽ ልታገኝ ትችላለች። መጨረሻ ላይ የቅርብ ከተሞች ዝርዝር ይመጣል፤ እያንዳንዱ ስም ወደ ሌላ እንዲህ ያለ ገጽ ይወስዳል።

ይህን ገጽ ማን ያነበዋል? የይፋግ ሰው የከተማውን ከፍታ በሜትር ሊፈልግ አይመጣም። የሚፈልገው የዛሬውን የሽንኩርት ዋጋ ነው፤ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያዎች በኩንታል ስንት እንደሚቀበሉ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ዛሬ ክፍት መሆኑን ነው፤ ጤና ጣቢያው የሚፈልገው መድኃኒት እንዳለው ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን የሚፈልግ የአካባቢው ተወላጅ ደግሞ የዘመድ ወሬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ፣ የትምህርት ቤት መዋጮ የት እንደደረሰ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱም በዓለም አቀፍ መረጃ ቋት ውስጥ የለም። የጅምላ ሥራ የሚያውቀው ከቋት የሚቀዳውን ብቻ ነው። ከቋት የሚቀዳውን ደግሞ ሌላውም ሺህ ጊዜ ቀድቶታል።

መቶ ሺህ ድረ ገጽ ያቆመው ኩባንያ

ይህን ሐሳብ በትልቅ ገንዘብ የሞከረው በሲያትል የሚገኘው ማርቼክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ኔም ዴቨሎፕመንት የተባለ ድርጅት የያዛቸውን ከ100,000 በላይ ስሞች በ164 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተዋዋለ። ኩባንያው በያዛቸው ስሞች ውስጥ የአሜሪካ የፖስታ ቁጥሮች ጭምር ነበሩበት፤ ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አድራሻ ማለት ነው። በ2007 ኩባንያው በአንድ ጊዜ ከ100,000 በላይ የአካባቢና የዘርፍ ድረ ገጾችን አቆመ። የምግብ ቤትና የንግድ ቤት መረጃ ከቋት ተስቦ፣ ከየቦታው የተለቀሙ አስተያየቶች ተጨምረውበት፣ ለየሰፈሩ ተከፋፈለ። ኩባንያው በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ፣ መሐንዲስም ካፒታልም ያልጎደለው ነበር።

ውጤቱ ከስምንት ዓመት በኋላ ታየ። በ2015 ማርቼክስ 200,000 ያህል ስሞችን ለዶሜይን መዝጋቢው ጎዳዲ በ28.1 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ሁለቱን አሃዝ ቀንሶ «ይህን ያህል ከሰረ» ማለት ትክክል አይሆንም፤ በመካከሉ ከስብስቡ ውስጥ ምርጥ ምርጦቹን ነጠላ ስሞች እየመረጠ በጥሩ ዋጋ ሸጧል፣ ከማስታወቂያም ገቢ አግኝቷል። ግን ነገሩ ራሱ ይናገራል። ዋጋ ያወጡት ስሞቹ ናቸው፤ በላያቸው የቆሙት መቶ ሺህ ገጾች ሽያጩ ላይ ክብደት አልነበራቸውም። ኩባንያውም ፊቱን ወደ ስልክ ጥሪ ማስታወቂያና ትንተና አዞረ።

በዚያው ዘመን ዋይፓርክን፣ ዴቭሀብንና ኢፒክን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ያንኑ ሐሳብ ለትንሽ ባለ ስሞች አቀረቡ። መቶ ስም ያለው ሰው የማርቼክስን ዓይነት ሥራ በትንሽ ክፍያ ማሠራት ቻለ። ልዩነቱ ኪሳራው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ማርቼክስ ገጾቹ ባይሳኩ የራሱን ገንዘብ ያጣል፤ ስለዚህ አይቶ ተወው። አገልግሎት ሻጩ ግን ገጾቹ ባይሳኩ የሚያጣው ነገር ስለሌለ የሚተውበት ምክንያት የለውም። ደንበኛው ሲሰለች ሌላ ደንበኛ ይመጣል፤ ዲዛይኑ ሲያረጅ ሌላ ዲዛይን ይወጣል።

ጉግል በር ሲዘጋ

ባለ ስሞቹ ወደ ጅምላ ገጽ የሄዱበት ምክንያት ነበራቸው። ቀደም ሲል ገቢያቸው ፓርኪንግ ነበር። ስሙን እንደ ሴዶ ላሉ ድርጅቶች ትሰጣለህ፣ እነሱ ማስታወቂያ ብቻ ያለበት ባዶ ገጽ ያስቀምጡበታል፣ ስሙን በብራውዘር ጽፎ የገባ ሰው ማስታወቂያውን ሲጫን ገንዘቡን ትካፈላላችሁ። የዚህ ገቢ እየቀነሰ ሲመጣ «ባዶውን ገጽ እናልብሰው» የሚለው ሐሳብ ተወለደ። ዓላማው ገጹ የእውነት ድረ ገጽ መስሎ በፍለጋ ውጤት ውስጥ እንዲገባ ነው። ትርፉ ሙሉ በሙሉ በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ያ ኩባንያ ደግሞ ፈቃዱን ደጋግሞ ነሥቷል። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ጉግል «ፓንዳ» የተባለውን ለውጥ አወጣ፤ ይዘታቸው ስስ የሆኑ ገጾች ወደ ታች ተገፉ፤ ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው በአሜሪካ 12 ከመቶ ያህል ፍለጋዎች ተነኩ። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ሌላ መጣ፤ ስማቸው ከፍለጋው ቃል ጋር ስለገጠመ ብቻ ከፊት የሚሰለፉ ደካማ ድረ ገጾችን የሚመታ። ይህ የዶሜይን ኢንቨስተሩን ዋና መከራከሪያ በቀጥታ የመታ ነበር፤ ስም ብቻውን ደረጃ እንደማያሰጥ ተነገረው። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ነገሮች በስማቸው ተጠርተው የተከለከሉ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። አንዱ ደረጃ ለማግኘት ሲባል ብቻ ይዘትን በገፍ ማምረት ነው፤ በሰውም ይጻፍ በማሽን ልዩነት የለውም። ሌላው ጊዜው ያለፈበትን ዶሜይን ገዝቶ በዱሮ ስሙ ተማምኖ ርባና የሌለው ገጽ ማቆም ነው። የጅምላ አገልግሎቱ የሚሸጠው ከሁለቱ አንዱን፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም ነው።

የአገልግሎቱ ጠበቆች «የእኛ ሲስተም ከደንቡ ጋር ይሄዳል» ይላሉ። ምናልባት ለዛሬ። ግን ቀጣዩ ለውጥ ሲመጣ ቅጣቱ የሚያርፈው በአንድ አሠራር የተሠሩት ሁሉ ላይ ነው። መቶ ስም በአንድ ቅርጽ፣ በአንድ ሰርቨር፣ በአንድ የጽሑፍ መሣሪያ ሲሠራ ስጋቱ ተበታተነ አይባልም፤ አንድ ቦታ ተከመረ እንጂ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነገሩን አልለወጠውም ወይ? ለውጦታል፤ ወደ ባሰ። ገጽ ማውጣት ርካሽ ሲሆን ገጽ ብርቅ መሆኑ ይቀራል። ለደብረ ታቦር የቱሪዝም ገጽ በአምስት ደቂቃ የሚጽፈው መሣሪያ በሁሉም እጅ ነው፤ የጉግል ፍለጋ ራሱም ለብዙ ጥያቄ መልሱን እዚያው ላይ አጠናቅሮ እየሰጠ ነው። በመሃል ቆሞ የሚያስከፍል ገጽ የሚያስፈልገው ሰው እየቀነሰ ሄዷል።

ሒሳቡ በብር

የኢትዮጵያዊው ባለ ስም ሒሳብ ከአሜሪካዊው ይለያል፤ ወጪው በዶላር፣ ኑሮው በብር ነውና። የዶት ኮም የጅምላ ዋጋ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. በዓመት 10.26 ዶላር ገባ፤ መዝጋቢዎች የራሳቸውን ይጨምሩበታል። በስም 12 ዶላር ብንይዝ መቶ ስም በዓመት 1,200 ዶላር ይጠይቃል። ብር በገበያ እንዲተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመወሰኑ በፊት፣ በ57 ብር ምንዛሪ፣ ይህ 68,400 ብር ነበር። በወራት ውስጥ ዶላሩ ከ120 ብር አለፈ፤ ያው መቶ ስም ከ144,000 ብር በላይ ጠየቀ። ስሞቹ አልተጨመሩም፣ አልተሻሻሉም፤ ባለቤቱ ግን እጥፍ ከፈለ። ክፍያው የሚፈጸመው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነም ብዙዎች ውጭ ያለ ዘመድ ያስቸግራሉ፤ አንድ ዓመት ዘመዱ ቢረሳ ስሙ ይሄዳል።

ገቢውንስ? ለጋስ ሆነን ማስታወቂያ በሺህ ዕይታ አንድ ዶላር ይከፍላል እንበል። አንድ ስም የእድሳት ወጪውን ብቻ ለመመለስ በዓመት 12,000 ዕይታ ያስፈልገዋል፤ መቶው 1.2 ሚሊዮን። የአገልግሎቱ ክፍያና የሆስቲንግ ወጪ ገና አልተቆጠረም። «የይፋግ የአየር ጠባይ» ብሎ በወር ሺህ ጊዜ የሚፈልግ ሰው ከየት ይመጣል?

ቋንቋም አለ። የጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት የሆነው አድሴንስ ለረጅም ዓመታት አማርኛን ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አላስገባም። ስለዚህ በማስታወቂያ ለማትረፍ የታሰበ ገጽ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአካባቢውን ሰው አይጠቅምም፤ ለውጭ ጎብኚ ደግሞ ከዊኪፔዲያና ከታላላቅ የሆቴል ማስያዣ ድርጅቶች ጋር ይወዳደራል። በሁለቱም በኩል ተሸናፊ ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሀብት ነው፤ ልዩነቱ ይህቺኛዋ ላም በየዓመቱ መኖ በዶላር መጠየቋ ነው።

የእኛ ኢንተርኔት የመጣበት መንገድ

የዶሜይን ንግድ የቆመበት አንድ ልማድ አለ። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊ ተጠቃሚ ጫማ ሲፈልግ የጫማን ስም ጽፎ ዶት ኮም ይጨምርበትና ይገባ ነበር። ያለ ፍለጋ፣ ያለ ማስታወቂያ፣ ስሙ ራሱ ሰው ያመጣ ነበር። ትልልቆቹ ሀብቶች የተፈጠሩት ከዚህ ልማድ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ልማድ ሥር ሳይሰድ ዘመኑ አለፈ። አብዛኛው ሰው ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቀው በእጅ ስልክ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም፣ በኋላም በቲክቶክ ነው። ወረታ ላይ የሩዝ ነጋዴ ደንበኛ የሚያገኘው በስልክና በቴሌግራም ነው፤ ክፍያው ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ ይሄዳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የከተማ ስም ጽፎ ዶት ኮም የሚጨምር ሰው የለም። ከውጭ የመጣው አገልግሎት የሚሸጥልን እኛ ጋ ያልነበረ ልማድ የወለደውን መፍትሔ ነው።

ግንኙነቱም አስተማማኝ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ የደቡብ ጎንደር ባለ ስም የራሱን ገጽ ማየት አይችልም፤ የእድሳት ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ቢላክለት አያነበውም። ራሱን ያስተዳድራል የተባለው ንግድ ባለቤቱ ለወራት ከመስመር ሲወጣ ምን እንደሚሆን የነገረው የለም።

ጠበቆቹ የሚሉት

ለአገልግሎቱ የሚከራከሩ ሦስት ነገር ያነሳሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ ስም ባዶ ከሚቀመጥ ትንሽ ነገር ቢኖርበት ይሻላል፤ ገዢ ሲመጣ ሕይወት ያየበታል ይላሉ። ግን ገዢው የሚያየው ምንድን ነው? ቮይስ ዶት ኮምን የገዛው ድርጅት የፈለገው ስሙን ነበር። ገዢ የሚፈልገው ስሙ የሚሸጥ መሆኑንና ባለቤቱን እንዴት እንደሚያገኝ ነው፤ ለዚህ «ይህ ስም ለሽያጭ ቀርቧል» የሚል አንድ ገጽ ይበቃል፤ እሱም በነጻ ይገኛል። እንዲያውም በላዩ የቆመው ርካሽ ገጽ በፍለጋ ዘንድ መጥፎ ስም አትርፎ ከሆነ ገዢው ያንን ጣጣ አብሮ ይገዛል።

ሁለተኛ፣ ለወጣት አልሚዎች ሥራ ይፈጥራል ይላሉ። መንግሥት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ይፋ ካደረገ ወዲህ የሠለጠነ እጅ እየበዛ፣ የሚያሠራው ግን በዚያ ልክ እየበዛ አይደለም። ሆኖም የጅምላ ገጽ ሥራ ለአልሚ የሚያስተምረው ጥቂት ነው፤ አንድ ቅርጽ መቶ ጊዜ መገልበጥ። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ ለአንድ የሽንኩርት አምራቾች ማኅበር ዋጋ መቀበያና ማሳወቂያ ቢሠራ የደንበኛን ችግር መስማት፣ መረጃ ማጣራት፣ የተበላሸውን መጠገን ይማራል። መቶ ባዶ ገጽ ለቀጣሪ የሚያሳይ ሰው ግን ምን ችግር እንደፈታ ሲጠየቅ መልስ አይኖረውም።

ሦስተኛው በዘርፉ ሰዎች አፍ የማይጠፋው «ዶሜይን ዲጂታል መሬት ነው» የሚለው ነው፤ መሬት ጦም ከሚያድር ይልማ እንጂ! ምሳሌውን በራሳችን አገር እንውሰደው። በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ከግጦሽ ያለፈ ብዙ ጥቅም የማይጠበቅበት መሬት ነበር። ዋጋ ያገኘው ሰው ስለያዘው ወይም ስላጠረው አይደለም፤ በ1970ዎቹ ሩዝ መጥቶ፣ በጅግናና በሻጋ ቀበሌዎች ተሞክሮ፣ ገበሬው ከውኃው ጋር የሚስማማውን ዘር ለይቶ ከዓመት ዓመት ስለደከመበት ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ የሙከራውን ቦታ ስም እስከ ዛሬ የያዘ ነው። መቶ ማሳ በአንድ ሌሊት የዘራ የለም። የመሬቱ ምሳሌ በትክክል ከተወሰደ የጅምላ አገልግሎቱን የሚከስስ ነው።

ስሙ የማን ነው?

እስካሁን ያየነው የባለቤቱን ኪሳራ ነው። ስሟ የተወሰደባት ከተማም የምታጣው አላት።

የዶሜይን ክርክር የሚታይበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. ሲዘረጋ የተሠራው ለንግድ ምልክት ባለቤቶች ነው። የከተማ ስም የንግድ ምልክት ካልሆነ በቀር ከለላው ደካማ ነው። የባርሴሎና ጉዳይ ይህንን በግልጽ አሳይቷል። የከተማዋ ምክር ቤት ባርሴሎና ዶት ኮምን ከያዙት ግለሰቦች ለመውሰድ ክርክር አንሥቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ቢረታም፣ በ2003 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስሙን ለያዙት ፈረደላቸው። ባርሴሎና በጠበቃና በገንዘብ ያላሸነፈችውን ይፋግ ወይም አዲስ ዘመን አታሸንፈውም።

ጅምላ ገጽ የቆመበት ስም ሳይታደስ ሲቀር ሌላ ጣጣ ይከተላል። ስሙ ወደ ገበያ ይመለሳል፤ የሚያነሱት ብዙ ጊዜ ቁማር አጫዋቾችና አጭበርባሪዎች ናቸው። በነጻ የሚበተን ስም ምን እንደሚያስከትል አፍሪካ አይታዋለች። ፍሪኖም የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ የማሊን፣ የጋቦንን፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክንና የኢኳቶሪያል ጊኒን የአገር ስሞች በነጻ በገፍ ሲያድል ቆይቶ ስሞቹ በኢንተርኔት አጭበርባሪዎች ዘንድ ዝነኛ ሆኑ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ኩባንያውን ከሰሰው። ጋቦንና ማሊ በ2023 እ.ኤ.አ. ስማቸውን መልሰው ወሰዱ፤ ፍሪኖም በ2024 ከዶሜይን ንግድ እንደሚወጣ አስታወቀ። የእኛው ዶት ኢቲ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ሆኖ ሰነድ እየጠየቀ ሲሄድ ስለ ዝግመቱ ብዙ ተማርረናል፤ ምሬቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ያ ዝግመት ስሙን ከጅምላ ቸርቻሪ እንደጠበቀው መካድ አይቻልም። ቅልጥፍናው ሲመጣ የማጣራቱ ሥራ አብሮ መቅረት የለበትም።

የመንግሥት ተቋማትም ከዚህ ትችት ነጻ አይደሉም። በፕሮጀክት ገንዘብ ተሠርቶ፣ በሥነ ሥርዓት ተመርቆ፣ የመጨረሻ ዜናው የምረቃው ዜና የሆነ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ማን እንደሚያድሰው ሳይወሰን የሚሠራ ገጽ በግል ገንዘብም በመንግሥት በጀትም መጨረሻው አንድ ነው።

የሚሠራው ሲሠራ

የከተማ ስም ፈጽሞ አይሠራም ማለት አይደለም። ናዝሬት ዶት ኮም የአንድ ከተማ ስም ይዞ ተነሥቶ ከሃያ ዓመት በላይ በዳያስፖራው ዘንድ ከታወቁት የኢትዮጵያ ድረ ገጾች አንዱ ሆኗል። ያንን ያደረገው ዜና በየዕለቱ የሚለጥፍ፣ ሰው የሚከራከርበት መድረክ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። በአሜሪካም የካስቴሎ ወንድማማቾች ፓልም ስፕሪንግስ ዶት ኮምንና ናሽቪል ዶት ኮምን የመሳሰሉ ጥቂት ስሞች ይዘው፣ ከሆቴልና ከንግድ ቤት ጋር በአካል እየተገናኙ ሠርተው ተሳክቶላቸዋል። ሁለቱም ዘንድ ከስሙ ኋላ የሚጠየቅ ሰው አለ። መረጃው ሲሳሳት ስልክ የሚደወልለት፣ ዋጋው ሲቀየር የሚያስተካክል። ጅምላ አገልግሎት ሊሸጥ የማይችለው ይህንን አንድ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ለመቶ ከተማ ሊጠየቅ አይችልም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚቀርብለት ሰው ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሌሎች የሠራሃቸውን አሥር ድረ ገጾች አሳየኝ፤ ዛሬ ስንት ጎብኚ አላቸው? ክፍያህን ከገጾቹ ገቢ ላይ በድርሻ ትወስዳለህ ወይስ አሁን በእጅህ ትፈልጋለህ? የማስታወቂያው ሒሳብ የሚከፈተው በማን ስም ነው? ውሉ ሲያበቃ ገጾቹን ይዤ ልሄድ እችላለሁ ወይስ ከአንተ ሰርቨር ጋር ይቀራሉ? ጉግል ቢቀጣቸው ማን ይጠግናል? ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን ብዙ ሻጭ ያጣራል፤ በሥራው የሚተማመን ሰው ድርሻ ለመውሰድ አያቅማማም።

መቶ ስም ይዞ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የእድሳቱ ቀን ሳይደርስ ዝርዝሩን ቁጭ ብሎ ይለይ። ከዝርዝሩ ውስጥ ራሱ ሊሠራበት የሚችለውን አንዱን ይያዝ፤ የሚሸጥ ጥሩ ስም ካለው በሽያጭ ገጽ ያስቀምጠው፤ የቀረው ጊዜው ሲያልፍ ይሂድ። በያዝነው ሒሳብ ዘጠና ስም ሳይታደስ ቢቀር በዓመት 1,080 ዶላር ይተርፋል። ያ ገንዘብ ይፋግ ገበያ ላይ ስልክ ይዞ ዋጋ የሚሰበስብና በየገበያው ቀን በአማርኛ የሚያሠራጭ አንድ ልጅ ቢከፈልበት፣ መቶው ገጽ በሙሉ ያላገኘውን አንባቢ ያገኛል። አንባቢ ሲኖር ማስታወቂያ የሚሰጥ ነጋዴ ወረታም ባሕር ዳርም አይጠፋም። ያኔ ገንዘቡ ከስሙ ባለቤት ኪስ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ባለቤቱ ኪስ መግባት ይጀምራል።